በእጅ የሚያዘው ሻወር

ቶሪኖ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለየኔታ ወልደ ሰንበት፣

የቤተ ማርያሟ እመቤት እርስዎንም እናቴን እማሆይንም በጤና ትጠብቅልኝ። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎን ይሻልዎታል? ተማሪዎችዎስ ዘንድሮ በረከቱ? እኔ ከናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ግን ድምፃችሁን ካልሰማሁ ልቤ አያርፍም፤ ስለዚህ እርስዎ እንደሚወዱት በወረቀት ጻፍኩ።

የእማሆይ መታጠቢያ ቤት አልቆ ሴራሚኩ መለጠፉን ከሰው ሰማሁ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርዎ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ከጓሮ፣ ከቁልቋሉ ጀርባ፣ በጆግ ስትታጠብ ነው። የላሊበላን የማለዳ ብርድ መቼም ለእርስዎ አልነግርዎትም። አሁን ደግሞ ጉልበቷ ታሞ ጎንበስ ማለት አቅቷታል፤ እኔ እዚህ የሰው እናት በሙቅ ውሃ አጥባለሁ። የምሠራበት ቤት ያሉት አሮጊት፣ ሲኞራ ነው የምላቸው፣ ያለ እኔ አይታጠቡም። እሳቸውን ባጠብኩ ቁጥር እማሆይ ትታወሰኛለች።

የቀረው የሻወሩ ራስ ብቻ ስለሆነ ከዚህ ልልክ አስቤ ሱቅ ሄጄ ነበር። ዓይነቱ ብዛቱ፤ ቆሜ ፈዘዝኩ። ዞሮ ዞሮ ግን ነገሩ ሁለት ነው። አንደኛው ከኮርኒሱ ላይ የሚተከል ነው፤ የሰፌድ ያህል ሰፊ ነው፣ ውሃው እንደ ዝናብ አናት ላይ ይወርዳል። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ጎማ አለው፣ በእጅ ተይዞ ወደፈለጉት አካል ይዞራል፣ ሲጨርሱ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል።

እባክዎ እማሆይን ይጠይቁልኝ። እኔ ያማረኝን ሳይሆን እሷ የምትወደውን ነው መላክ የምፈልገው። ያለችዎትን ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ የትናየት


ላሊበላ፣ ጥቅምት ፳፱ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.

ለልጄ ለየትናየት፤

የቅዱስ ላሊበላ አምላክ በሰው አገር ግርማ ሞገስ ይሁንሽ፤ የምትሠሪበትን እጅ ይባርከው። እኛ ይመስገነው ደኅና ነን። ጉልበቴን ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ጉልበቴ ለመቆም እንጂ ለመሮጥ አልተፈጠረም፤ ለማኅሌት ይበቃኛል። ተማሪዎቹ በርክተዋል፤ ድምፅ ያለው ግን አንድም የለ፤ ሁሉም እንደ ዶሮ ይንጫጫል።

ስለ ሻወሩ ራስ መልሱ ትልቁ ነው። በእጅ የሚያዘውን እኔም አይቼዋለሁ። ጎረቤታችን አገሬ፣ ልጇ ከጅዳ ባሠራላት ቤት ውስጥ እሱን አስገብታ «የኔታ፣ እናንተስ የቱን ልታስገቡ ነው?» እያለች በበሬ ታልፋለች። ገብቼ አየሁት። የአትክልት ማጠጫ ነው፤ ሆቴሎቹ ጎመናቸውን የሚያጠጡበት ጎማ ታናሽ ወንድም። ልጄ፣ ውሃ ከላይ መውረድ አለበት። ዝናብ ከላይ ነው የሚወርደው፣ ጠበልም ከላይ ነው የሚወርደው፤ በረከት የሚባል ነገር ከታች ወደ ላይ ሲወጣ እስከ ዛሬ አላየሁም።

እናትሽም ትልቁን ብላለች።

ቧንቧውን የሚሠራልን ጋሻዬ ይባላል፤ ከገነተ ማርያም የመጣ ነው፤ እጁ ጥሩ ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይፈጥናል። ሮቶውን ከጣራው ላይ አስቀምጧል። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ያለ ሮቶ አይሆንም። ዕቃው ለገና እንዲደርስ አድርጊ። እንግዳ ይበዛል፤ ሰው ይየው።

አጎትሽ መሪጌታ ወልደ ሰንበት


ቶሪኖ፣ ኅዳር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፣

ቡራኬዎ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ብቻዬን ስቄ ሲኞራ «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። ስለ ጎመኑ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ሳቁ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ልቤ ወደ ትንሹ አዘንብሎ ነበር። እዚህ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር አሮጊት ሰው ከእግር ጀምሮ እንደሚታጠብ ነው። ውሃውን በእጅሽ ትለኪያለሽ፣ ከእግር ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ ታወጪያለሽ፤ ፊት ላይ በድንገት አይለቀቅም። ይደነግጣሉ። ለዚህ ደግሞ በእጅ የሚያዘው ነው የሚመቸው።

ግን እማሆይ ትልቁን ካለች አለች ነው። እሷ አፍ አውጥታ ይህን እፈልጋለሁ ስትል እኔ ሰምቼ አላውቅም። ልብስ ስልክላት «ለድሃ ስጪው»፣ ጫማ ስልክላት «ለማን ብዬ» ነው መልሷ። ዛሬ አንድ ነገር ከመረጠች ደስታዬ ወሰን የለውም። ሱቅ ከነበሩት ሁሉ የሚያምረውን ገዛሁ። ሳጥኑ ራሱ የሰርግ ስጦታ ይመስላል። ባንቺዓለም ለእረፍት ወደ አገር ቤት ስለምትገባ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ።

የኔታ፣ መጀመሪያ ስትታጠብበት ምን እንዳለች ይጻፉልኝ። እሱን ነው የምጠብቀው።

ልጅዎ የትናየት


ላሊበላ፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.

ለልጄ ለየትናየት፤

ሰላመ እግዚአብሔር ካለሽበት ይድረስሽ፤ የላክሽውን በደስታ ያየ ዓይን አንቺንም በደስታ ይይሽ።

ዕቃው በሰላም ገብቷል። ሳጥኑን ስንከፍተው ሰፈሩ ሁሉ ነበር። አገሬ መጣችና በእጇ ዳስሳ ዝም አለች። አገሬ ዝም ስትል አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ያን ቀን አየሁ።

ጋሻዬ ሲተክለው ግን አንድ ችግር ገጠመን። ሰፊ ስለሆነ ውሃው ግፊት አጥቶ እንደ አሮጌ ጣራ ይንጠባጠባል። «ይህ ለፎቅ የተሠራ ነው» ብሎ ጋሻዬ ሊተወው ነበር። እኔ ግን ከቶሪኖ ድረስ የመጣ ዕቃ ላሊበላ ላይ አያለቅስም ብዬ ሮቶውን በብረት ማማ ላይ አስሰቀልኩት። አሁን ሲከፈት እንደ ነሐሴ ዝናብ ነው። ከታች ቆሜ እጄን ዘርግቼ አየሁ፤ መዳፌን ገፋው።

እናትሽ ገብታ አየችው። በመስቀሏ ባረከችው። «ልጄ ደክማበት» አለች። ገና እየቀረበ ስለሆነ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል በእግራቸው የሚመጡት ቀድመው መግባት ጀምረዋል፤ እሷም እንደ ልማዷ በራፋችን ላይ ሳፋና ጆጓን ይዛ የእንግዳ እግር ታጥባለች። ጉልበትሽን ብላት አትሰማኝም።

አጎትሽ መሪጌታ ወልደ ሰንበት


ቶሪኖ፣ ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፣

እንኳን ከብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ። ዘንድሮም ቤዛ ኩሉን ከላይ ከገደሉ አፋፍ ሆነው እንደመሩት አልጠራጠርም። እኔ በስልኬ ያለፈውን ዓመት እያየሁ በኩሽና ውስጥ አለቀስኩ። ሲኞራ ተኝተው ነበር።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ አገሬ ጻፉ፣ ስለ ጋሻዬ ጻፉ፣ ስለ ብረቱ ማማ ጻፉ። እማሆይ ግን ገብታ አየችው፣ ባረከችው ብለው ዘጉት። ታጠበችበት ወይ? ውሃው ተመቻት? ምን አለች? ለገና ልትቆርብ ነውና በሙቅ ውሃ ታጥባ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ በዓይነ ኅሊናዬ እያየኋት ነው የከረምኩት። ይህን ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ የትናየት


ላሊበላ፣ የካቲት ፲፰ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.

ለልጄ ለየትናየት፤

ጸጋው ያልጎደለበት አምላክ ልብሽን ያጽናው። ደብዳቤሽ በጊዜ ደርሶኝ ነበር፤ መልሱን ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ብዕር አንስቼ አስቀምጣለሁ፤ አስቀምጬ አነሳለሁ። መደበቅ ይቻላል፤ አንቺ ግን «ምን አለች» ማለቱን አትተዪም፤ እናትሽን ትመስያለሽ። ስለዚህ እንደሆነው እጽፍልሻለሁ።

የገና ዋዜማ ነበር። እናትሽ ከጠዋት ጀምሮ የእንግዳ እግር ስታጥብ ውላ ትቢያ ለብሳለች። ምግብ ውሃ ካፏ ካራቀች ቆይታለች፤ ሌሊቱን ልትቆርብ ነው። እንደ ልማዷ ጆጓን ይዛ ወደ ጓሮ ልትዞር ስትል ያዝኳት። «የልጅሽ ላብ ተሰቅሎ ይመለከትሻል፣ አንቺ ቁልቋል ስር ትንጠባጠቢያለሽ?» አልኳት። «ይቅርብኝ፣ በጆጉ ለምጃለሁ» አለች። እኔ እሺ አላልኩም። እንግዶቹም ሰምተው «እማሆይ፣ ይግቡ እንጂ» አሉ። ሰው ፊት እምቢ ማለት አታውቅም። ገባች።

ውሃው እንደ ነሐሴ ዝናብ ነው ብዬሽ የለ። በአንድ ጊዜ አናቷ ላይ ወረደ። ደንግጣ «በስመ አብ» ስትል ገባባት። አፏ ውስጥ ገባ፣ ዋጠችውም።

ለማንም አልተናገረችም። ልብሷን ለብሳ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ ነገረቻቸው። እሳቸው ምን ይበሉ? ውሃ ከገባ ገባ ነው፤ «ዛሬ ይቅር፣ ለሌላ ቀን ያድርስሽ» አሏት። እኔ ይህን አላወቅሁም። ሌሊቱን አፋፉ ላይ ቆሜ ስዘምር ሕዝቡ ለቁርባን ሲሰለፍ ቁልቁል አየሁ። ከዚያ ሰልፍ ውስጥ አጥቻት አላውቅም። ፈለግኋት፣ ፈለግኋት። ጥግ ላይ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና፣ ከማይቆርቡት ጋር ቆማ አገኘኋት። ዜማው አፌ ላይ ተሰበረ። አርባ ዓመት ሲያቃኑኝ የኖሩት ጓደኞቼ ዞረው አዩኝ።

ለጥምቀት ትቆርባለች ብዬ ነበር፤ በገናው ሌሊት ብርድ መቷት አልጋ ላይ ዋለች። አሁን ተሽሏታል። መታጠቢያ ቤቱ ግን ደጃፉንም አትረግጠውም። ተማሪዎቼ ሽንኩርት ሊያስቀምጡበት ሲሉ ተቆጣሁ።

እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

አጎትሽ ወልደ ሰንበት


ቶሪኖ፣ መጋቢት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ተናድጃለሁ። በእርስዎ መናደድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። ግን አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ። «እናትሽም ትልቁን ብላለች» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ብላ ነበር ወይ? ጠይቀዋት ነበር?

በእርስዎ ብቻ አይደለም የተናደድኩት። እኔ የማውቀው ነገር ነው ይሄ። በየማለዳው በእጄ የምሠራው ነው። የሲኞራን ፊት ሳጥብ ፎጣ ግንባራቸው ላይ አደርጋለሁ፤ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ እንዳይገባ ትንፋሼን እይዛለሁ። ለሰው እናት ይህን ሁሉ አውቄ፣ ለእናቴ ሲሆን ሳጥኑ ያማረውን ገዛሁ። ቆራቢ መሆኗ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። ከዚህ አገር የቆየ ሰው ውሃ ወደ አፍ መግባቱ ምን እንደሆነ ይረሳል፣ የኔታ። እኔ ራሴ ከቆረብኩ ስንት ዘመኔ ነው።

በእጅ የሚያዘውን ገዝቼ ልኬያለሁ። ሳጥኑ አያምርም። ሰውአገኝ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ይዞት ገብቷል፤ ከእሱ ቤት የሚያመጣላችሁ ሰው ፈልጉ። ጋሻዬ ዝቅ አድርጎ፣ ቁጭ ያለ ሰው እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ቁመት ይስቀለው። ወንበር ይግባላት።

የትናየት


ላሊበላ፣ ነሐሴ ፳፬ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.

ለልጄ ለየትናየት፤

የፍልሰታዋ እመቤት ከቁጣሽም ከኀዘንሽም ታሳርፍሽ። ዝምታዬ ረዘመ። መንገዱ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ዛሬ ተከፈተ ሲሉ ነገ ይዘጋል፤ ዕቃሽም እስካሁን ከሰውአገኝ ቤት አልወጣም። ግን ዝም ያልኩት በመንገዱ ብቻ አይደለም።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። አልጠየቅኋትም ነበር። አንቺ «ይጠይቁልኝ» ብለሽ ብትጽፊም፣ እናትሽ ደጁ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም፣ እኔ እዚያው አጠገቧ ሆኜ መልሱን በራሴ ልብ ጻፍኩት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው እኔ ነኝ። አገሬን ልበልጥ ብዬ ነው። የስልሳ ዓመት ሰው፣ ድጓ የዘለቀ፣ ከጎረቤት ጋር በሻወር የሚፎካከር።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። ለፍልሰታ ቆርባለች። ማን እንዳጠባት ታውቂያለሽ? አገሬ። ከጓሮ፣ በጆግ፣ በእግሯ ጀምራ። «ፊትሽን ራስሽ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ» ብላት አፏን ጠብታ አልነካውም። ሁለቱ ሲሳሳቁ ይሰማኝ ነበር። እናትሽ እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ሰውነቷ ግን ቀንሷል። ቀድሞ በአንድ ትንፋሽ የምትወጣውን ደረጃ አሁን ሁለት ሦስቴ እየተቀመጠች ነው። ሌላ ዕቃ አትላኪ። ከቻልሽ አንቺ ነዪ።

አጎትሽ ወልደ ሰንበት


ቶሪኖ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፣

እንኳን አደረሰዎ፤ መስቀሉ በቤትዎ ይብራ። ስለ እውነትዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጣዬ ቀርቷል። ቁጭቱ ግን አልቀረም፤ እሱ የሁለታችንም ነው፣ እየተካፈልን እንይዘዋለን።

እንድመጣ የጻፉትን ደብዳቤ ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። የመኖሪያ ወረቀቴ ለእድሳት ገብቷል። ያ ሳይወጣ ከዚህ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። በየሳምንቱ ሄጄ እሰለፋለሁ። «ጠብቂ» ይሉኛል። ሲኞራም እየደከሙ ነው፤ እጄን ሲይዙ አይለቁም።

ዕቃው ሲደርስ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። ከመተከሉ በፊት እማሆይን ቁጭ ብለው ይጠይቋት። አሁንም ካልፈለገችው ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ።

ልጅዎ የትናየት


ላሊበላ፣ ጥቅምት ፳፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለየትናየት፤

በሰው ደጅ ያቆመሽ አምላክ ደጁን ይክፈትልሽ። ዕቃው ገባ። በዚህ ጊዜ ሰፈር አልጠራሁም። ሳጥኑን እናትሽ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩና ከፊቷ ተቀመጥኩ። «እህቴ፣ ልጅሽ ካቻምና ጠይቅልኝ ያለችውን ዛሬ ልጠይቅሽ» አልኳት።

«ካቻምና አይደለም፣ አምና ነው» አለች። ለነገር ትጠነቀቃለች።

አወጣችው። ጎማውን በጣቷ ስባ አየችው። ቀና ብላም እንዲህ አለችኝ፤ ሳልቀንስ ሳልጨምር ነው የምጽፍልሽ። «ወልደ ሰንበት፣ እኔ የእንግዳ እግር ሳጥብ ውሃው በእጄ ነው። ሞቅ ማለቱን፣ ቀዝቀዝ ማለቱን በእጄ አውቃለሁ። እንግዳው ሲያመው ቀስ እላለሁ፤ ፊቱ ላይ አልደፋበትም። አንተ ግን እኔን እንደ ጭቃ እግር እንኳ አላየኸኝም።»  ጎማውን እየጠቀለለችም «ይህኛው ይሻላል። እጅ ይፈልጋል» አለች።

ጋሻዬ ዝቅ አድርጎ ተከለው። ወንበርም ገባ። አገሬ «ላስጀምርሽ» ብትላት «ቆይ፣ ልጄ መጥታ ታስጀምረኝ» ብላ እምቢ አለች። እስከዚያ በጆጉ ትዘልቃለች። የፈረንጇን አሮጊት ነገር ትጠይቀኛለች። «እሷንም ከእግሯ ጀምራ ነው የምታጥባት? አፏን ትዘጋላታለች?» ትላለች። አዎ አልኳት፤ ጽፈሽልኝ ስለነበር ይህን እንኳ አልዋሸሁም።

አጎትሽ ወልደ ሰንበት


ቶሪኖ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፣

ወረቀቱ ወጣ። ዛሬ እጄ ገባ። ቲኬትም ቆርጫለሁ፤ ለገና እደርሳለሁ። ሲኞራን የሚያይ ሰው ተገኝቷል።

ለእማዬ ይንገሯት። ዋዜማው ላይ እኔ ነኝ የማጥባት፤ ከእግሯ ጀምሬ፣ ፎጣ ግንባሯ ላይ አድርጌ፣ ከዚያ ደግፌያት ቤተ ማርያም እወርዳለሁ። እሷ ስትቆርብ ከኋላዋ ነጠላዋን ይዤ እቆማለሁ። ትጠብቀኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ልጃችሁ የትናየት


ላሊበላ፣ ታኅሣሥ ፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለየትናየት፤

መጽናናትን የሚሰጥ አምላክ ያጽናሽ። መርዶው በቤተ ክርስቲያናችሁ ቄስ በኩል እንዲደርስሽ ያደረግሁት ብቻሽን ሆነሽ በስልክ እንዳትሰሚው ብዬ ነው። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ የተላቀስነው ለልቅሶ ነበር። አሁን የምጽፍልሽ እንድታውቂው ነው፤ አንቺ «ምን ሆነ» ማለትሽ አይቀርምና።

የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ነበር። አልታመመችም ነበር። ደብዳቤሽ ደርሶ ሦስቴ አንብቤላታለሁ። ጠዋት ነጠላዋን አጥባ አሰጣች፤ «ለገና» አለች። ከሰዓት ደጁ ላይ ተቀምጣ ነበር። አገሬ ልታናግራት መጥታ ነው ያወቀችው። በማግሥቱ በበዓሉ ቀን ቀበርናት። ሕዝቡ ብዙ ነበር። እግራቸውን ያጠበቻቸው ሁሉ የመጡ ይመስል ነበር።

ሊገንዟት ሲሉ መነኮሳይያቱ ውሃ በሳፋ ጠየቁ። አገሬ «አይሆንም» አለች። ተሸክመው ወደ መታጠቢያ ቤቱ አስገቧት። ወንዶቹ ውጭ ቆምን። ኋላ አገሬ እንደነገረችኝ፣ ያንን በእጅ የሚያዘውን ከግድግዳው አውርዳ፣ ከእግሯ ጀምራ፣ ቀስ ብላ አጠበቻት። ፎጣ ግንባሯ ላይ አደረጉ። አፏን ጠብታ አልነካውም። መጀመሪያም መጨረሻም የተጠቀምንበት ያን ቀን ነው።

እኔ ውጭ ሆኜ የውሃውን ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ያለ ነው። ይህን ድምፅ አምና ሰምቼው ቢሆን ምን ነበረበት አልኩ። ምንም አይጠቅምም፤ ግን አልኩ።

አርባዋ ከገና ጋር ገጥሟል። ቲኬትሽን እንዳትቀይሪ። ከላይ የተተከለውን ትልቁን ጋሻዬ ይንቀለው ወይ? ይህን አንቺን ሳልጠይቅ አላደርግም።

አጎትሽ ወልደ ሰንበት


ቶሪኖ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለየኔታ፣

እርስዎንም እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የሞተችብዎት እህትዎ ናት፤ እኔ በራሴ ኀዘን ይህን ረስቼ ነበር። ቲኬቱን አልቀየርኩም። እመጣለሁ።

ትልቁን አያስነቅሉት። ተማሪዎችዎ ይታጠቡበት፤ ልጆች ዝናብ ይወዳሉ። የእማዬን ሳፋና ጆግ ግን ማንም እንዳይወስደው። ዋዜማው ላይ በራፋችን ተቀምጬ የሚመጡትን እግር አጥባለሁ። እሷን ያየ እንግዳ ይጠይቅ ይሆናል፤ ልጇ ነኝ እላለሁ።

ከዚያ መታጠቢያ ቤት እገባለሁ። ወንበሯ ላይ እቀመጣለሁ፤ አገሬ ትያዝልኝ፣ እኔ አፌን እዘጋለሁ። በዚያ ሌሊት መቁረብ እፈልጋለሁ፣ የኔታ። ከአገር ከወጣሁ አልቆረብኩም። ንስሐ አባቷን ያነጋግሩልኝ፤ ቀድሜ እደርሳለሁ፣ የሚሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ይጠይቁልኝ። ደብዳቤዎ ውስጥ ሁሉን ጽፈዋል፣ ይህ ብቻ ቀርቷል፤ ሌሊት ሌሊት እሱ ነው የሚቀሰቅሰኝ። የመሰለዎትን እንዳይጽፉልኝ፤ አገሬን ራሷን ይጠይቋትና ያለችውን ይጻፉልኝ። ሲያጥቧት ውሃው ሞቆ ነበር ወይ?

ልጅዎ የትናየት